ሹመቱ ቀደመ፣ ሥልጠናው ዘገየ

ስለ ዘመናዊ ትምህርት አጀማመራችን ሲጻፍ መሥራቾቹና የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በሰፊው ይወሳሉ፤ ትምህርት ቤቱን ከዕለት ወደ ዕለት ያስተዳደረው ሰው ሥራውን ከየት እንደተማረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ኃላፊዎቹም መምህራኑም ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት የመሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ የሕክምና ሰው ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲቋቋም ርዕሰ መምህሩ የራሱ ማሠልጠኛ አላገኘም። በደንብ ያስተማረ ሰው በደንብ ያስተዳድራል ተብሎ ታመነ። በእኔ እምነት የትምህርት አመራራችን ድክመት አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው።

«ድሮ ማን ሠልጥኖ ነው? ተፈሪ መኮንን እኮ ያለ ምንም ዲፕሎማ ስመ ጥር ሆነ» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ማስረጃው በቅርብ ሲታይ ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ከ1938 ዓ.ም. አንሥቶ ትምህርት ቤቱን የመሩት በሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን፣ ማለትም የአንድ የካቶሊክ ማኅበር አባላት፣ ነበሩ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ባመጡት የካቶሊክ እምነት ሳቢያ የደረሰው ደም መፋሰስ ያልተረሳ ነበርና ሃይማኖት እንዳይሰብኩ፣ የካህን ልብስም እንዳይለብሱ ተደርጎ ነው የመጡት። ስብከታቸው ቢቀርም ሥልጠናቸው አብሯቸው መጣ። አንድ ኢየሱሳዊ የማኅበሩን ትምህርት ለመጨረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ በመካከሉም ቅስና ሳይቀበል በማኅበሩ ትምህርት ቤት ውስጥ በነባሮች ሥር እያስተማረ የሚቆይበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1599 የጸደቀው የትምህርት ደንባቸው የትምህርት ቤቱን የበላይ አለቃና የትምህርት ክትትል ኃላፊውን ተግባር ለይቶ ይዘረዝራል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሳይሠለጥኑ የመሩ አይደሉም፤ የሠለጠኑት ከእኛ ዓይን ርቀው ነው። እኛ የተዋስነው ሰዎቹን ነው፤ የተሠሩበትን መንገድ አልተዋስንም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይህን ክፍተት ቶሎ አልሞላም። በደርግ ዘመን የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 የትምህርት ቤቶችን አስተዳደርና ቁጥጥር ለሕዝብ ሲሰጥ ወላጅ ድምፅ አገኘ፤ ይህ መልካም ነበር። የርዕሰ መምህሩ ሙያዊ ብቃት ግን በኮሚቴ ብዛት የሚተካ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አመራሩ ሙያዊ እንዲሆን ቢደነግግም፣ ለርዕሰ መምህራን ተብሎ የተቀረጸው የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ በዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው በ2000ዎቹ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞም አለ፤ ወረቀት ሰውን መሪ አያደርገውም የሚል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 የትምህርት ቤት አመራር ብሔራዊ ኮሌጅ አቋቁማ፣ የርዕሰ መምህርነትን የብቃት ማረጋገጫ ለአዲስ ተሿሚዎች ግዴታ ካደረገች በኋላ በ2012 ግዴታውን አንሥታለች። ተቃዋሚዎቹ ይህን ቢጠቅሱ አይፈረድባቸውም። ሆኖም የተነሣው ግዴታው ነው፤ ማረጋገጫውና ሥልጠናው ቀጥለዋል። ለእኛም ጥያቄው ሥልጠናው ምን ይመስላል የሚለው ነው። በክረምት የተነበበ ሞጁል የመምህሩን ክፍል ገብቶ ማየትን፣ ካየው ተነሥቶ መምህሩን መደገፍን ለርዕሰ መምህሩ አያስተምረውም። ይህ የሚለመደው ልምድ ካለው ርዕሰ መምህር ጎን ቢያንስ አንድ የትምህርት ዘመን በምክትልነት እየሠሩ፣ እየተተቹና እየታረሙ ነው። ዕጩው ይህን ጊዜ ሳይጨርስ እንዳይሾም፣ ከተሾመም በኋላ በወረዳው የፖለቲካ ነፋስ እንዳይነሣ የሚከለክል ደንብ ያስፈልጋል።