በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ሪፐብሊክ፦ ከጆርጅ ዋሽንግተን ዘመን የሚቀሰም ትምህርት



ግለሰብን ማዕከል ስላደረገ ፖለቲካ አደጋ ስንናገር ዘወትር የምናነሣው ሥልጣን የጠማውን መሪ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ሥልጣንን በፈቃዳቸው የለቀቁትን ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 1783 ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው የቆዩ የአሜሪካ ጦር መኮንኖች በኒውዮርክ ግዛት፣ በኒውበርግ ተሰበሰቡ። የጸሐፊው ስም ያልሠፈረበት ደብዳቤ በኮንግረሱ ላይ እንዲያምፁ ይገፋፋቸው ነበር። ዋና አዛዡ ዋሽንግተን ንግግር ካደረጉ በኋላ ደብዳቤ ሊያነቡ መነጽራቸውን አወጡ፤ በአገልግሎት ዘመናቸው ጠጉራቸው መሸበቱ ሳያንስ ዓይናቸውም መፍዘዙን ጠቅሰው ይቅርታ ጠየቁ። ከመኮንኖቹ ያነቡ ነበሩ፤ ውጥኑም በዚያው ከሸፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ዋሽንግተን በአናፖሊስ የአዛዥነት ሥልጣናቸውን ለኮንግረሱ መልሰው ወደ ርስታቸው ተመለሱ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ለውዳሴ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ሊጠይቅ ይገባዋል፦ በዚያች ዕለት ሪፐብሊኩን የታደገው ሕግ ነበር ወይስ የአንድ ሰው ግርማ ሞገስ? በዚያ አዳራሽ የቆመው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?

የአድናቂዎችም ድርሻ ቀላል አልነበረም። በ1789 መራጮቹ በሙሉ ድምፃቸውን ለዋሽንግተን ሲሰጡ፣ ሕገ መንግሥቱ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል ገደብ አላኖረም ነበር። በሴኔቱ ውስጥ «ልዑልነታቸው» የሚል መጠሪያ እንዲሰጣቸው ሐሳብ ቀረበ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆን አዳምስም ከፍ ያለ ማዕረግ እንዲሰጥ አጥብቀው ተከራከሩ። የተወካዮች ምክር ቤት አሻፈረኝ ባይል ኖሮ «ፕሬዚዳንት» የሚለው ተራ መጠሪያ ባልጸና ነበር።

ዋሽንግተን ራሳቸው በ1796 የስንብት መልእክታቸው፣ በወገንተኝነት ሽኩቻ የተማረረ ሕዝብ ቀስ በቀስ መጠጊያውን በአንድ ሰው ፍጹም ሥልጣን ሥር ወደ መፈለግ እንደሚያዘነብል አስጠነቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ፈተናው መጣ። በ1800 ምርጫ ቶማስ ጀፈርሰንና አሮን በር እኩል 73 ድምፅ በማግኘታቸው የተወካዮች ምክር ቤት አሸናፊውን ለመለየት 36 ጊዜ ድምፅ ሰጠ። መፍትሔው የተሻለ ሰው ፍለጋ አልነበረም፤ በ1804 የጸደቀው 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የምርጫውን ሥርዓት ለወጠ።

ዋሽንግተን ከሁለት የሥልጣን ዘመን በኋላ በመሰናበት የተዉት አርአያ ግን ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ ልማድ ብቻ ሆኖ ቆየ። በ1940 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመረጡ ልማዱ ተሻረ፤ ገደቡ ሕግ የሆነው በ1951 ነው።

እንግዲህ ደግ መሪ ለአገር ጸጋ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ደግነቱ የሕግን ጉድለት ይሸፍናል፤ ጉድለቱም የሚገለጠው እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የምናደንቀውን መሪ ስናይ ልንጠይቅ የሚገባን፣ ይህ ሰው ምን ያህል መልካም ነው ብለን ብቻ ሳይሆን፣ መልካም ያልሆነ ሰው በእርሱ ወንበር ቢቀመጥ ምን ይገታዋል ብለንም ነው።