የዊንጌት የሕይወት ታሪክ በድራማ፦ የባሪ ፎስተር ትወናና የጎጃም ዘመቻ

በ1933 ዓ.ም. በቡሬና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የገሰገሰውን የጌዴዎን ጦር የመሩት እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሕይወት ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በቢቢሲ ቴሌቪዥን በሦስት ክፍል ድራማ ቀርቧል። ዊንጌትን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ባሪ ፎስተር ነው።

አከራካሪው መኮንን

ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1938 በፍልስጤም አይሁዳውያን ተዋጊዎችን ያካተተ የሌሊት ልዩ ጓድ በማቋቋማቸው በአንድ ወገን ይወደሳሉ፤ በሌላው ወገን ይወቀሳሉ። ከኢትዮጵያው ዘመቻ በኋላ በካይሮ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ተርፈዋል። በበርማ የመሩት የቺንዲት ጦር ያስገኘው ውጤት ካስከፈለው የሰው ሕይወት ጋር ሲመዘን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተዋል። በአዲስ አበባ ስማቸው የሚታወቀው በተለይ በተሰየመላቸው ትምህርት ቤት ነው።

ትወናው

ፎስተር ቀደም ሲል በአልፍሬድ ሂችኮክ «ፍሬንዚ» ፊልም (እ.ኤ.አ. 1972) ነፍሰ ገዳይ ሆኖ በመጫወት ታውቋል። የዊንጌት ድራማ የተዘጋጀው በአነስተኛ በጀትና ባልተሟላ የመድረክ ገጽታ በመሆኑ ክብደቱ በተዋናዩ ላይ አርፏል። ታሪኩም የዘመን ቅደም ተከተልን ሳይጠብቅ በተመረጡ ክንውኖች ይተረካል። ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1982 ኢንግሪድ በርግማን ጎልዳ ሜየርን በተጫወተችበት የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ዊንጌትን ሆኖ በድጋሚ ቀርቧል። በርግማን በዚሁ ትወናዋ ከሞተች በኋላ የኤሚ ሽልማት ተሰጥቷታል።

የጎጃም ድርሻ

ድራማው በዋናነት የሚያተኩረው በፍልስጤም ቆይታቸው ላይ ሲሆን የበርማውንም ዘመቻ ያካትታል። ስለዚህ የጎጃምን ዘመቻ ከዚህ ሥራ መረዳት አይቻልም። ዘመቻው ዊንጌት ከመምጣታቸው በፊት የተጀመረ ነው። የጎጃም አርበኞች ለዓመታት ሲዋጉ ቆይተው፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የገባው የሳንድፎርድ ልዑክ ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጋር ግንኙነት አደረገ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ከገቡ በኋላ የተንቀሳቀሰው የጌዴዎን ጦር፣ ከጥቂት እንግሊዛውያን መኮንኖች በቀር፣ ወደ 800 የሚጠጉ ሱዳናውያንና ይህንኑ ያህል ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ነበሩት። ጣሊያኖች በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀው ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትገኝበት መስመር ሲያፈገፍጉ፣ በደምበጫ አቅራቢያ ከኢትዮጵያውያኑ ሻለቃ ጋር ተጋጭተው ሻለቃው ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ደብረ ማርቆስ በመጋቢት መጨረሻ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

የሕይወት ታሪክ ድራማ አንድን ሰው መርጦ የሚያጎላ በመሆኑ፣ ትወናው የሚመሰገን ቢሆን እንኳ የታሪክ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህን መሰሉን ሥራ ለትምህርትም ሆነ ለመታሰቢያ ዝግጅት የሚጠቀሙ ባለሙያዎች፣ በቡሬና በደምበጫ የተዋደቁትን ኢትዮጵያውያን ታሪክ አብረው ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል።