ወደ ግራ የምትስበው መኪና

ጊንጪ፣ ልጅ ሳለሁ የሠራኋት የመጀመሪያዋ የሽቦ መኪና ወደ ግራ ትስብ ነበር። አካሏ ቤት ከሚሠራበት ግቢ የለቀምኩት ሽቦ፣ የፊት ጎማዎቿ የአምቦ ውኃ ቆርኪ፣ የኋላዎቹ ካለቀ ሰንደል በምላጭ የተቆረጡ ናቸው። ጥፋቱ የምላጩ ነው፤ የኋላ ቀኙን ጎማ ከግራው አስፍቼ ቆረጥኩት። ሁለቱን በአንድ ሽቦ ጠበቅ አድርጌ ስለሰካኋቸው ደግሞ አብረው ነበር የሚዞሩት። ረጅሙን መሪ ይዤ በአምቦ መንገድ ዳር ስነዳት እኔ ወደ ገበያ፣ እሷ ወደ ቦይ። የሰፈር ልጆች «ሰካራሟ» ብለው ስም አወጡላት። ያኔ የሁላችንም ምኞት ጭነቷን ይዛ ቀጥ ብላ የምትሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረች።

ሰካራሟን ረስቻት ስኖር ያስታወሰኝ አዮዋ ያገኘሁት አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው።

ኑሮዬ ሚኒሶታ ነው። በረዶው ወራት ቤት ዘግቶብን ሲለቀን ሰው ሁሉ መውጫ ሰበብ ይፈልጋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቅዳሜ ልጅህን ይዘህ ና፤ በአፈር ላይ የሪሞት መኪና ውድድር አለ» አለኝ። የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ቡና በፔርሙዝ፣ ጭኮ በሳህን ይዤ ተነሣሁ። ከሚኒያፖሊስ በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወረድ እስከ አዮዋዋ ዴሞይን ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጊንጪን አምስት ጊዜ እንደመሄድ ማለት ነው። ግራና ቀኙ በቆሎ፣ በቆሎ፣ አሁንም በቆሎ። ልጄ ከኋላ ወንበር «አባዬ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ይለኛል።

አገሩ ግን ከበቆሎ ሌላ ሃይማኖት አለው፤ የአፈር ላይ እሽቅድምድም። ኖክስቪል በምትባል ትንሽ የአዮዋ ከተማ ዙሪያው 800 ሜትር ገደማ የሆነ ሞላላ የአፈር መም አለ። ስፕሪንት የሚባሉት ክንፍ የተጫነባቸው መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረውን ታላቁን ውድድራቸውን በየነሐሴው እዚያ ያካሂዳሉ። እኛ የሄድንበት መንደር የዚያ ሁሉ ግልገል ነው። መሙ በእንጨት ታጥሮ፣ ዳሩ ላይ ነጂዎች የሚቆሙበት ከፍ ያለ መድረክ ተሠርቶ፣ ከድንኳኖቹ ሥር ደግሞ አባትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ ፒንሳና መፍቻ ይዘው አጎንብሰዋል። መኪኖቹ ከእውነተኛው አሥር እጅ ያነሱ ናቸው። ባትሪ፣ ሞተር፣ አሞርዛተር፣ ሁሉም አላቸው።

ከመሙ በፊት ግን ዓይኔ ያረፈው አፈሩ ላይ ነው። ጥቁር ነው፣ ይጣበቃል። አንድ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ያርከፈክፋል፣ ይጠቀጥቃል፣ ቆም ብሎ በጫማው ጫፍ ይሞክራል። ጊንጪ ባለችበት በደንዲ ወረዳ ተወልዶ ኮትቻን የማያውቅ የለም። ሲዘንብ ጫማ ያስቀራል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ጊንጪ ይህንኑ ጥቁር አፈር የሚያጠና የምርምር ጣቢያ አለ። ገበሬው ውኃውን ከማሳው ለማጠንፈፍ ይለፋል፤ ይህ ሰው ደግሞ እርጥበቱ እንዳያመልጠው። አፈሩ ከደረቀ መኪናው ይንሸራተታል፣ አቧራውም ዓይን አያስገልጥም፤ ከረጠበ ይይዘዋል። በመካከል ያለችው ልክ ከሰዓት ሰዓት ትለዋወጣለች፤ ጎማም አብሮ ይለወጣል።

ባልደረባዬ ትርፍ መኪናውን ሰጥቶ መድረኩ ላይ አወጣኝ። የመጀመሪያዋን ቀጥታ ደህና ነዳሁ። ዞራ ፊቷን ወደ እኔ ስታደርግ ጉድ ፈላ፤ ቀኟ ግራዬ፣ ግራዋ ቀኜ ሆነ። የሽቦ መኪና እንዲህ አታደርግም። አንተ ከኋላዋ ነህ፤ የዞርክበት ትዞራለች፣ መንገዱንም በእግርህ ታውቀዋለህ። እዚህ ግን ቆመህ ልብህን ብቻ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ አለብህ። አጥሩን ሦስት ጊዜ መታሁት። ልጄ በሁለተኛው ዙር ለመደው፤ እንዳያፍርብኝ አጨበጨብኩለት።

ሲያበቃ ሪሞቴን አስረክቤ ልሄድ ስል አንድ ሰው ትከሻዬን ያዘኝ። «የት? አሁን የማንሣቱ ተራ ያንተ ነው» አለኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንተ ነድተህ ስትጨርስ የሚቀጥሉት ሲነዱ በየኩርባው ትቆማለህ። የተገለበጠ መኪና ሮጠህ ታቃናለህ። የተገለበጠው የተፎካካሪህ ቢሆንም ያው ነው። ደቦ በአፈር መም ላይ አገኘሁት አልኩ በልቤ፤ ማሳህ ታርሶልህ ሲያበቃ ሞፈርህን ይዘህ ወደ ጎረቤት እንደምትሻገረው።

ሽማግሌው ከጎኔ ኩርባ ነበር የቆመው። ይህን ጨዋታ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 አር ሲ 10 የተባለችው የካሊፎርኒያ ሥሪት መኪና በወጣች ሰሞን ነው። ያኔ ሪሞቱ በክሪስታል ነበር የሚሠራው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሞገድ ከያዘ የአንዱ መኪና ለሌላው ሪሞት ትታዘዛለች። ስለዚህ ሞገድህን በተራ ከሰሌዳ ላይ ወስደህ፣ ስትጨርስ ትመልሳለህ። ዛሬ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው አሠራር መጥቶ ያ ሁሉ ቀረ።

በእረፍት ድንኳኑ ውስጥ አስገብቶ መኪናውን ገልብጦ አሳየኝ። የኋላ ቀኝ ጎማው ከግራው ይበልጣል። ተሳስቶ የገጠመው መሰለኝና ነገርኩት፤ ሳቀ። በዚህ መም ላይ መኪና የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ነው። ቀኙ ጎማ የውጪውን ረጅሙን ክብ ይዞራል፣ ግራው የውስጡን አጭሩን። ሁለቱ በአንድ ዘንግ አብረው ከዞሩ ሰፊው ብዙ ይሄዳል፣ ጠባቡ ጥቂት፤ መኪናው ሳይታዘዝ ወደ ግራ ይመጣል። ትልልቆቹ ስፕሪንቶችም የሚነዱት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የሁለቱን ጎማ ልዩነት በሜትር ለክተው ይገጥማሉ። እኔ የገባኝ በሲኒ ነው። ሲኒ በጎኗ አስተኝተህ ብታንከባልላት ቀጥ ብላ አትሄድም፤ አፏ ከቂጧ ስለሚሰፋ ዞራ ትመጣለች።

«እኔ እኮ ይህችን መኪና ሠርቻታለሁ» አልኩት። አላመነኝም።

በሚቀጥለው ወር ሠርቼ ሄድኩ። ሽቦው ከቤት ማደሻ ሱቅ፣ ሰንደሉ የልጄ ያለፈው ዓመት ጫማ፤ የአምቦ ውኃ ቆርኪ ከሐበሻ ሱቅ አላጣሁም። ለምሳ ሲታረፍ መሙ ባዶ ስለነበር ልጄ መሪውን ይዞ ገባ። ሰካራሟ ያለ ድካም ወደ ግራ እየሳበች ዞረች፤ እሱ ከኋላ መሮጥ ብቻ። ባትሪ የለ፣ ሪሞት የለ። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ አያት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጎማው በስንት እንደሚበልጥ ጠየቀኝ። ሲኒ አውጥቼ አሳየሁት።

ነገሩ በዚያ አልቀረም። በተከታዩ በጋ ከአምቦና ከጉደር የመጡ ሁለት ቤተሰቦች አብረውን ወረዱ። የምሳ እረፍቱ የሽቦ መኪና ሆነ፤ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ልጆች ተሰለፉ፣ ስድስቱ የአዮዋ ልጆች ነበሩ። ደንቡንም ከአገሬው ወሰድን፤ የወደቀውን የሚያነሣ ቀድሞ የሮጠ ነው። ለልጄ ከሳተላይት የተነሣውን የደንዲን ሐይቅ ሥዕል አሳይቼው ነበር፤ ሁለት ክብ ውኃ ተያይዞ የ8 ቁጥር የሚመስለውን። «አባዬ፣ ይህ እኮ ትራክ ነው!» አለ፤ ለከርሞ በ8 ቅርጽ እንሩጥ ብሎ ያስቸግረኛል። እንደዚያ ከሆነ ሰካራሟ አትሆንም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ነውና ጎማዎቿ እኩል መሆን አለባቸው። እሱንም መቁረጥ ይማራል።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የአዮዋ ልጅ ሰንደሏንና መቀሷን ይዛ ድንኳናችን መጣች። ክቡን በእስክሪብቶ ከሣለች በኋላ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ደጋግማ ለካች። ልጄ መቀሱን ከእጇ ወሰደ።

«የቀኙን ሰፋ አድርጊው» አላት።