ጃቫስክሪፕት፦ ድረ ገጽን ሕያው ያደረገው ቋንቋ የሠላሳ ዓመት ጉዞ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ድረ ገጽ የሚነበብ ሰነድ ነበር። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል ሲፈጥረውም ዓላማው ሰነድን ከሰነድ ማገናኘት ነበር። ፎርም የሞላ ሰው ስሙን መጻፍ ቢረሳ ስህተቱን የሚነግረው ሰርቨሩ ብቻ ነበር። ፎርሙ በስልክ መስመር ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ ገጹ እንደ አዲስ እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ነበር።

በ1995 የብራውዘር ሠሪው የኔትስኬፕ ባልደረባ ብሬንደን አይክ ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ቋንቋ በአሥር ቀን ቀረጸ። ቋንቋው መጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት፣ በዓመቱ መጨረሻ ጃቫስክሪፕት ተባለ። የጥድፊያው ምልክት ዛሬም አለ፤ ባዶነትን የሚያመለክተው «ነል» ዓይነቱ ሲጠየቅ «ኦብጀክት» የሚል የተሳሳተ መልስ ይመጣል። ቢታረም ነባር ገጾች ስለሚበላሹ እንዳለ ተትቷል።

በ1996 ማይክሮሶፍት ጄስክሪፕት የተባለ የራሱን ቅጂ አወጣ። በ1997 ኤክማ የተባለው ድርጅት ለቋንቋው የጋራ ደረጃ ቢያጸድቅም፣ የኔትስኬፕና የማይክሮሶፍት ብራውዘሮች የገጹን ክፍሎች የሚጠሩበት መንገድ የተለያየ ስለነበር ፕሮግራመሩ አንዱን ሥራ ሁለቴ ይጽፍ ነበር። ማስታረቂያው በ1998 የወጣው ዶም የተባለ ደረጃ ነው። ብራውዘሩ ገጹን እንደ ዛፍ በቅርንጫፍ ይይዘዋል፤ ኮዱ የፈለገውን ቅርንጫፍ መርጦ ይለውጣል፣ ይጨምራል ወይም ይቆርጣል።

ገጹን ሳያድሱ ከሰርቨር መረጃ በቀጥታ በኮድ ማምጣት የተቻለው በ1999 በማይክሮሶፍቱ ብራውዘር በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ነው። ብዙ ሰው ኃይሉን የተረዳው ግን በ2004 ጂሜይል፣ በ2005 ደግሞ ጉግል ማፕስ ሲመጡ ነው። ካርታውን በማውስ ሲጎትቱት ቀጣዩ ሰፈር ቁራጭ በቁራጭ ይሞላል፤ ገጹ ግን ካለበት አይንቀሳቀስም።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ ፈጠነ። በ2006 ጄኪዌሪ የተባለው የጆን ሬዚግ የኮድ ስብስብ የቀረውን የብራውዘሮች ልዩነት ሸፈነ፤ በ2008 የክሮም ቪ8 ሞተር ፍጥነቱን አሳደገ፤ በ2009 ኖድ ቋንቋውን ወደ ሰርቨር አሻገረ፤ በ2013 ሪአክት፣ በ2014 ቪው የተባሉ የገጽ መገንቢያ መሣሪያዎች (ፍሬምወርኮች) ተከተሉ። በ2015 ቋንቋው ራሱ በሰፊው ታደሰ።

በዚህ ሁሉ መሣሪያ ተፈራርቋል፤ መሠረቱ ግን ጸንቷል። ጄኪዌሪን ብቻ የተማረ ሰው ሪአክት ሲመጣ እንደ አዲስ ለመጀመር ተገደደ፤ ቋንቋውንና ዶምን ያወቀ ግን በቀላሉ ተሻገረ። ስለዚህ የዛሬ ጀማሪ በፍሬምወርክ ምርጫ ጊዜውን አያባክን። የገጹን ክፍል መምረጥን፣ የተጠቃሚውን ክሊክ ማዳመጥን፣ የተመረጠውን መለወጥን አስቀድሞ ይልመድ። በብራውዘር የተመረመረ መረጃ በሰርቨርም ዳግም መመርመር እንዳለበት ከመጀመሪያው ይወቅ፤ ብራውዘሩ በተጠቃሚው እጅ ነውና። ለመነሻ የሚያስፈልገው ብራውዘርና ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።