ጉዳትና ጥቃትን የሚያጠኑ ኮሚቴዎች ታሪክና የእኛ ወንበር

ኢትዮጵያዊ ኮሚቴ አያውቅም የሚል ሰው ካለ ኢትዮጵያዊን አያውቅም ማለት ነው። ለቅሶ ሲደርስ ኮሚቴ፣ ሠርግ ሲኖር ኮሚቴ፣ ለእግር ኳስ ቡድን ማልያ መግዣም ኮሚቴ ይቋቋማል። ዕድራችንም ሆነ ማኅበራችን ጸንቶ የሚኖረው ሰው ከሥራ መልስ፣ ድካሙን ችሎ፣ ያለ ደመወዝ ተቀምጦ ስለሚመክር ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን በመካከላችን እምብዛም ስለማይወራለት ሌላ ዓይነት ኮሚቴ ነው። ይኸውም ሰው በሥራ ቦታው፣ በመንገድና በገዛ ቤቱ ለምን እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱንስ ምን ሊከላከለው እንደሚችል የሚያጠኑትን ባለሙያዎች የሚያግዘው፣ የሚቆጣጠረውና ሲያስፈልግም "ይህስ አይሆንም" ብሎ የሚያስቆመው ኮሚቴ ነው። የዚህን ታሪክ ጫፍ ለመያዝ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚሁ ከሆፕኪንስ መነሳት ይቻላል።

ከአውድማ ወደ ፋብሪካ

ሆፕኪንስ እስከ 1928 ድረስ ዌስት ሚኒያፖሊስ ትባል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታውን ከተማ ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው በ1887 የተቋቋመው የእህል መውቂያ ማሽን ፋብሪካ ሲሆን፣ ይኸው ኩባንያ በ1929 ከሌሎች ሁለት ኩባንያዎች ጋር ተቀላቅሎ ሚኒያፖሊስ ሞሊን የተባለውን ስመ ጥር የትራክተር አምራች አስገኘ። በአገራችን እህል በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ፣ እዚህ ደግሞ በእንፋሎት ኃይል በሚሽከረከር ቀበቶና የብረት ጥርስ ይወቃ ነበር። የብረቱ ጥርስ ግን ነዶውን ከሰው እጅ አይለይም።

በዚያ ዘመን በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ ቢፈልግ አሠሪውን ከሶ ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ብዙውን ጊዜም "ዕድሉ ነው"፣ "ራሱ አልተጠነቀቀም" ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሚኒሶታ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሕግ ያወጣችው በ1913 ነው። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የማንም ሆነ የማን ካሳ የሚከፈል በመሆኑ ጉዳት መመዝገብና መቆጠር ያዘ፤ የተቆጠረ ነገር ደግሞ ምክንያቱ ይፈለጋል። ዛሬ በሚኒሶታ ሕግ ከ25 በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ የሠራተኛና የአሠሪ የጋራ የደኅንነት ኮሚቴ እንዲኖረው ይገደዳል፤ የሠራተኞቹን ተወካዮች የሚመርጡትም ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ጉዳት እንደ በሽታ መታየት የጀመረው ግን ቆይቶ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ1966 ባወጣው ሪፖርት ላይ ጉዳትን ችላ የተባለ የዘመናዊው ኅብረተሰብ በሽታ ሲል ጠራው። በ1985 ደግሞ በዶክተር ዊልያም ፌጊ ሰብሳቢነት የተቀመጠ ኮሚቴ ሌላ ሪፖርት አቀረበ። ዶክተር ፌጊ ፈንጣጣን ከዓለም ያጠፋውን ዘዴ ከነደፉት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ በዚያው ዘመቻ ፈንጣጣ ከአገራችን የተነቀለው በ1976 ነበር። የእሳቸው ኮሚቴ ያለው በአጭሩ፦ ፈንጣጣ ተጠንቶ ከጠፋ ጉዳትም ተጠንቶ ሊቀነስ ይችላል፤ መንግሥትም ለዚህ የሚሆን የጥናት ማዕከል ያቋቁም የሚል ነው። ማዕከሉም በ1992 ሲዲሲ በሚባለው የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቋቋመ። በአካዳሚው ኮሚቴዎች የሚቀመጡት ሊቃውንት ለዚህ አገልግሎታቸው ደመወዝ እንደማይቀበሉ አንባቢ ልብ ይበል።

ተራው ሰው እንዴት ወንበር አገኘ?

እስካሁን ያወሳነው የሊቃውንትን ወንበር ነው። ተራው ሰው ከሊቃውንቱ ጎን ሊቀመጥ የቻለው ግን በትልቅ በደል ምክንያት ነው። ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በአላባማ ግዛት ቱስኪጊ በተባለ ቦታ የመንግሥት የጤና አገልግሎት 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ለጥናት ይዞ ነበር። ከእነዚህ 399ኙ የቂጥኝ በሽተኞች ናቸው። ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም መድኃኒቱ ተነፍጓቸው የበሽታው አካሄድ ብቻ ይታይ ነበር። ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ እውነቱን የነገራቸው አልነበረም።

ነገሩ በጋዜጣ በወጣ ማግሥት አገር ተቆጣ፤ በ1974ም ብሔራዊ የምርምር ሕግ ታወጀ። በዚህ መሠረት በሰው ላይ የሚደረግን ጥናት አስቀድሞ የሚመረምር ኮሚቴ በየዩኒቨርሲቲውና በየሆስፒታሉ ይቋቋማል። ደንቡ እንደሚለው ኮሚቴው ቢያንስ አምስት አባላት ይኖሩታል፤ ቢያንስ አንዱ ሳይንቲስት ያልሆነ፣ ቢያንስ አንዱም ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ከውጭ የመጣ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ጎረቤት፣ መምህሩ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሱቅ ጠባቂው ከፕሮፌሰሩ እኩል ድምፅ አለው ማለት ነው። ሥራውም የጥናቱን ወረቀት አንብቦ "ይህን ቋንቋ እናቴ ትረዳዋለች ወይ? ይህች ሴት እንደተናገረች ባሏ ቢያውቅ ምን ትሆናለች?" ብሎ መጠየቅ ነው።

በሚኒያፖሊስ የወጣው ዕጣ

"በባልና ሚስት መካከል ማን ይገባል?" የሚለው አባባል የእኛ ብቻ አይደለም። የዚህ አገር ፖሊስም ለረጅም ዘመን በዚሁ ይመራ ነበር። ይህን ከሰበሩት መካከል የሴንት ፖል ሴቶች ይገኙበታል። በ1972 ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ለሴቶች የሕግ መረጃ የሚሰጥ የስልክ አገልግሎት ጀመሩ። ደዋዮቹ ከሕግ ምክር ይልቅ ማደሪያ እንደሚያስፈልጋቸው ስለተረዱ፣ የተደበደቡትን ሴቶች መጀመሪያ በየቤታቸው እያሳደሩ ቆይተው በ1974 መጠለያ ቤት ከፈቱ። ይህም ውመንስ አድቮኬትስ የተባለው ሲሆን በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ መጠለያዎች አንዱ ነው።

ከዚያ የመጣው ጥናት በዓለም የታወቀ ነው። ከመጋቢት 1981 እስከ ነሐሴ 1982 ድረስ ሎረንስ ሸርማንና ሪቻርድ በርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ከሚኒያፖሊስ ፖሊስ ጋር ሆነው አንድ ሙከራ አደረጉ። ፈቃደኛ የሆኑ ፖሊሶች ቀለማቸው የተለያየ ቅጾች ያዙ። ከባድ ወንጀል ያልሆነ የቤት ውስጥ ድብደባ ሲገጥማቸው ከላይ የወጣው ቅጽ ቀለም ከሦስት አንዱን ያዝዛቸዋል፦ ደብዳቢውን ማሰር፣ ወይም ሁለቱን መክሮ ማስታረቅ፣ ወይም ደብዳቢውን ለስምንት ሰዓት ከቤት ማስወጣት። ሁለተኛው ከእኛ ሽምግልና ጋር እንደሚቀራረብ አንባቢ ሳይታዘብ አይቀርም። 314 ጉዳዮች ተመረመሩ። በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ጥቃት መፈጸማቸው በፖሊስ መዝገብ የተገኘው ከታሰሩት መካከል 10 ከመቶ፣ ከተመከሩት 19 ከመቶ፣ ከቤት ከተወጡት 24 ከመቶ ሆነ።

ውጤቱ በ1984 ሲታተም በየከተማው የፖሊስ መመሪያ ተለወጠ፤ ማሰር ደንብ ወደ መሆን ደረሰ። ነገር ግን ሙከራው በኦማሃ፣ በሻርሎት፣ በሚልዋኪ፣ በኮሎራዶ ስፕሪንግስና በማያሚ አካባቢ ሲደገም ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም። በሚልዋኪማ ሥራ በሌላቸው ወንዶች ላይ መታሰሩ ይባስ ጥቃትን ከፍ አድርጎ ተገኘ። በሚኒያፖሊሱም ጥናት ቢሆን ከጉዳዮቹ 28 ከመቶ ያህሉን ያመጡት ሦስት ፖሊሶች ብቻ ነበሩ፤ ተከታታዮቹን ቃለ መጠይቆች እስከ መጨረሻው የመለሱትም ተበዳዮች ግማሽ ያህሉ ናቸው። ዕርምጃውን የሚወስነውም የተበዳይዋ ምርጫ ሳይሆን የቅጹ ቀለም ነበር።

ይህን የምንተርከው ተመራማሪዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከእነሱ በፊት በዚህ ጉዳይ ላይ በወጉ የጠየቀም አልነበረም። ትምህርቱ ሌላ ነው። አንድ ቁጥር ከወጣ በኋላ ሕግ ይሆናል፣ ሕጉም የሁሉንም በር ያንኳኳል። ስለዚህ ቁጥሩ ሳይወጣ "የማንን ቤት ቆጠራችሁ? ዝም ያሉትስ ምን ሆኑ?" የሚል ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ሊኖር ይገባል።

በአገር ቤትስ?

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል አይጠፋም። አይደለም። በ1995 ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተሰባስበው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዷ ኋላ ከ2018 እስከ 2023 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ማኅበሩ በቅርንጫፎቹና በበጎ ፈቃደኛ ኮሚቴዎቹ አማካይነት ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ፣ ከዚያ ያገኘውንም ልምድ ይዞ ሕግ እንዲሻሻል ተሟግቷል። የቤተሰብ ሕጉ በ2000 ተሻሻለ፤ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን ጥቃት በስሙ ጠርቶ ወንጀል አደረገው።

በጥናትም በኩል ቡታጅራን ማንሳት ይበቃል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1986 ጀምሮ ከስዊድኑ ዑሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሕዝብ ጤና ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች ያካሄደው የሴቶች ጥቃት ጥናት እዚያም ደረሰ፤ የእኛን ክፍል ዶክተር የማነ ብርሃኔ መሩት። ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠየቁ። ከባለትዳሮቹ መካከል 71 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው በባላቸው ወይም በጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ሪፖርቱ በ2005 ሲወጣ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ሆነ።

ይህን ያህል ምስጢር እንዴት ወጣ? በጥንቃቄ ነው። ጠያቂዎቹ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ያውም ሌላ ሰው በሌለበት። ጥናቱ ለጎረቤት የሚነገረው ስለ ሴቶች ጤና እንደሆነ ተደርጎ ነው። በየአገሩም ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖች ያሉበት አማካሪ ኮሚቴ እንዲኖር ተደርጓል። ገበናን ማውጣትና ገበናን ማጥናት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ቡታጅራ አሳይታለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የሚነግረው ሰው ግን ምስጢር ጠባቂ መሆን አለበት።

ወንበሩ የማን ነው?

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሆፕኪንስ የምትገኝበት ሄነፒን ካውንቲ በሚኒሶታ አራተኛው የፍርድ ቤት ክልል ነው። በ1999 የግዛቲቱ ምክር ቤት በዚሁ ክልል በቤት ውስጥ ጥቃት የሞቱ ሰዎችን ጉዳይ የሚመረምር ቡድን በሙከራ እንዲቋቋም ፈቀደ። ዓላማው ሰው መክሰስ ሳይሆን "ይህች ሴት ከመሞቷ በፊት የትኛውን በር አንኳኩታ ነበር? የትኛውስ ሳይከፈት ቀረ?" ብሎ መጠየቅ ነበር። ሕጉ ከዳኛው፣ ከዐቃቤ ሕጉ፣ ከፖሊሱና ከሐኪሙ ጎን ለአንድ ተራ ዜጋ ወይም ለአንድ የሲቪክ ድርጅት ተወካይም ቦታ ሰጥቷል።

እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ ከእኛ ሰው ከሌለ ምን ይሆናል? በመዝገብ ላይ ኢትዮጵያዊው ብዙውን ጊዜ "ጥቁር" በሚለው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ከሌላው ጋር ይደመራል። ሴትየዋ እንግሊዝኛ አታውቅም ተብሎ ልጇ ወይም የባሏ ዘመድ ቢያስተረጉምላት ምን እንደምትመልስ እኛ እናውቃለን፤ ተመራማሪው ግን ላያውቅ ይችላል። "ሽማግሌ ተልኮባታል" የሚለው ቃል ለእኛ ሙሉ ታሪክ ነው፤ በእነሱ ቅጽ ላይ ግን ቦታ የለውም። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይመደብለትም፤ በተሳሳተ መንገድ የተቆጠረም በስሙ የተሳሳተ ደንብ ይወጣበታል።

ስለዚህ ምክራችን ቀላል ነው። በመጋዘን፣ በአረጋውያን መጦሪያና በሆቴል የምትሠሩ ወገኖች፣ የደኅንነት ኮሚቴው ምርጫ ሲመጣ ስማችሁን አስመዝግቡ። በየዩኒቨርሲቲውና በየሆስፒታሉ ያሉት የጥናት መርማሪ ኮሚቴዎች ከውጭ የሚመጣ አባል በደንብ ስለሚያስፈልጋቸው ደውሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የሚፈለገው ዲግሪ አይደለም፤ ወረቀት በትዕግሥት ማንበብ፣ የሰሙትን በሆድ መያዝና ያልገባን ነገር ሳያፍሩ "አልገባኝም" ማለት ነው። የማኅበር መሪዎችም ለዚህ ሥራ ሁለት ሦስት ሰው፣ በተለይም ሴቶችን፣ ቢመርጡ መልካም ነው። አባል የሚሆን ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ የዘመዱ ወይም የጓደኛው ጉዳይ ሲመጣ ከወንበሩ መነሳት ግዴታው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለቀብር ኮሚቴ ማቋቋም የሚያውቅ ሕዝብ፣ ሰው እንዳይቀበር በሚመክረው ኮሚቴ ላይ መቀመጥ አያቅተውም።