ጅግጅጋ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፦ የበይነ መረብ ማኅደሮች

ስለ ጅግጅጋና ስለ ሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሥነ ጽሑፍ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ከዘይላና ከበርበራ ተነሥተው አገሩን ያቋረጡ የእንግሊዝ መኮንኖች የጉዞ መጽሐፍ ነው፤ ሌላው ከዚያው ምድር የወጡ ደራስያን በስደት የጻፉት ትዝታና ልቦለድ። የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት ሁለቱን እኩል አያስተናግዱም፤ የፊተኛው በነጻ ይወርዳል፣ የኋለኛው ባመዛኙ በካታሎግ ርዕስነት ብቻ ይታያል። ይህን የወሰነው የመጻሕፍቱ ዋጋ ሳይሆን የቅጂ መብት ዕድሜ ነው።

ዋነኞቹ ማኅደሮች እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ፣ በ1996 የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭና በ2008 የተከፈተው ሃቲትረስት ናቸው። በአሜሪካ ሕግ የቆዩ ኅትመቶች ከታተሙ ከ95 ዓመት በኋላ ነጻ ይሆናሉ፤ በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃውን በደራሲው ዕድሜና ከዚያ በኋላ በ50 ዓመት ይወስናል።

በነጻ ከሚገኙት ቀዳሚው የሪቻርድ በርተን የ1856 መጽሐፍ ነው። በርተን የዐረብ ነጋዴ መስሎ በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሣ፣ በጥር 1855 መጀመሪያ ሐረር ገባ፤ በመንገዱ ያቋረጠው የማራር ሜዳ ከዛሬው የጅግጅጋ ሜዳ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። የሃራልድ ስዌይን የ1895 የአደን ጉዞ መጽሐፍም ይገኛል። ከምንም ይሻላሉ የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ስለ ጎሳና ስለ ቅፍለት መንገድ የመዘገቡት ብዙ ነው። ነገር ግን በርተን የሶማሌን የግጥም ፍቅር እያደነቀ እንኳ የሚያየው እንደ መንገደኛ ነው። ተማሪው መጀመሪያና መጨረሻ የሚያገኘው እሱን ብቻ ከሆነ፣ የራሱን አገር የሚያውቀው በእንግዳ ዓይን ይሆናል።

በሌላው ወገን ከሁሉ የሚቀርበው በ1958 ጅግጅጋ የተወለደው ነጋ መዝለቂያ ነው። ካናዳ ገብቶ የጻፈውና በ2000 የታተመው ትዝታው የልጅነቱን ጅግጅጋ፣ የንጉሡን ዘመን ማብቂያና የደርግን መከራ ይተርካል፤ በዚያው ዓመት የካናዳን የጠቅላይ ገዥ ሽልማት አገኘ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። ጽሑፉን ያረመችው ጸሐፊ አን ስቶን አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች፤ ነጋ ሥራዋ እርማት ብቻ ነበር ብሎ አስተባበለ፣ በስም ማጥፋትም ከሰሳት። በሁለተኛ ቋንቋ በተጻፈ የመጀመሪያ መጽሐፍ የአራሚ እጅ መክበዱ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ የስቶን አስተዋፅኦ መኖሩ ብቻ የመጽሐፉን ባለቤትነት አይፈታም። በ2002ና በ2006 የወጡት የነጋ ልቦለዶች ለንጽጽር ይረዱ ይሆናል፤ እነሱም ግን አራሚ አላቸው። ዋናው እንቅፋት ማኅደሩ ራሱ ነው፦ የክርክሩን ዜና ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፣ ሦስቱን መጻሕፍት አስተያይቶ ለመፍረድ ግን መግዛት ያስፈልጋል። ስለ ጠቡ የሚያውቅ መጽሐፉን ካነበበው ቢበዛ አያስገርምም።

ሶማሊያዊው ደራሲ ኑሩዲን ፋራህ ያደገው በክልሉ ደቡብ፣ በቀላፎ ነው፤ እዚህ የሚነሳው በ1986 ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት ባሳተመው ልቦለዱ ነው። ጅግጅጋ በመስከረም 1977 የተያዘችው፣ በመጋቢት 1978 ነጻ የወጣችው በዚያ ጦርነት ነበር። ከሰሜናዊዎቹ ከተሞች ሌላዋ ስለሆነችው ቀብሪ በያህ ማኅደሮቹ የሚሰጡት ይበልጡን የስደተኞች ሪፖርት ነው፤ ሥነ ጽሑፍ እምብዛም የለም።

የቅጂ መብት የደራሲው እንጀራ ነው፣ በነጻ መክፈት ያገሩን ልጅ መዝረፍ ነው የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል። አራት አሳታሚዎች ኢንተርኔት አርካይቭን በ2020 ከሰው ረቱ፤ የ2023ቱ ፍርድ በ2024 በይግባኝ ጸና፣ ከ500,000 በላይ መጻሕፍትም ከውሰት ወጡ። ሆኖም በነጻ መልቀቅና መዝጋት ብቻ አይደሉም ምርጫዎቹ። በ2007 ሥራ የጀመረው ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት የወረቀት ቅጂ ቢገዛ ደራሲው አይጎዳም። አዋጅ 410ም ቤተ መጻሕፍት ለጥናት ለሚጠይቅ አንባቢ ከታተመ ሥራ አጭር ክፍል እንዲያባዙ ይፈቅዳል፤ ከነጋ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ ከበርተን ምዕራፍ ጎን ለማንበብ ይህ ይበቃል።