ጋማ፤ በር ላይ የቆመው ታጋይ



ልጅ ሳለሁ ብርብር ከተማ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ እንጨት ነው። የዓባያ ዳር ወበቅ ከውጭ፣ የሰዉ ትንፋሽ ከውስጥ እያላበን፣ በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተፋፍገን ፈረንጆች አንዱ ሌላውን ተሸክሞ ሲጥለው እናይ ነበር። «ሬስሊንግ» ነበር የምንለው። ወደ ቤታችን ስንመለስ በሙዝ ማሳ መካከል እርስ በርስ እየተጣጣልን ልብሳችንን እንቀድና የእናቶቻችንን ቁጣ እንቀምሳለን። አድጌ፣ የዚያ ግጥሚያ አሸናፊ ተፋላሚዎቹ ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት እንደሚወሰን ባወቅሁ ጊዜ፣ የምወደው ሰው የዋሸኝ ያህል ከፋኝ።

ታዲያ በትግል እንጀራውን የበላ፣ ትግሉም እውነተኛ የነበረ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ መፈለግ ጀመርሁ። ያገኘሁት ሰው ስሙ አሳቀኝ፤ ጋማ ይባላል። በአማርኛችን ጋማ የፈረስ አንገት ጠጉር ነው። እኛ ምዕራብ ዓባያ ያለን ሰዎች ደግሞ አንዲት ፊደል ለውጠን «ጋሞ» ስንለው አገራችን ነው፣ ሕዝባችን ነው። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ሥር ብር የምቆጥር ሰው ነኝና፣ በስም ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ገንዘብ እንደማይከፈል አውቃለሁ። ጋማና ጋሞ በቋንቋ አይዛመዱም። በሌላ ነገር ግን ዝምድና እንዳላቸው በዚህች ጽሑፍ መጨረሻ ላስረዳ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ጋማ፣ ሙሉ ስሙ ጉላም ሙሐመድ ባክሽ ቡት፣ በ1878 በፑንጃብ ምድር፣ በአምሪትሳር አካባቢ፣ ከካሽሚር በመጣ የሙስሊም ታጋዮች ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በስድስት ዓመቱ ሞተበት። ያሳደጉት የእናቱ አባትና አጎቱ ናቸው፤ እነርሱም ታጋዮች ነበሩ። በዚያ አገር ታጋይ «ፐህልዋን» ይባላል፤ የሚታገልበት ስፍራ ደግሞ «አካራ»። አካራ እንደ ዛሬው መድረክ በገመድ የታጠረ አይደለም፤ ተቆፍሮ የለሰለሰ አፈር ነው። አፈሩን በዘይት፣ በእርድና በአሬራ ይለውሱታል። ሂንዱውም ሙስሊሙም በዚያው አፈር ላይ ይንከባለላል፤ ከትግሉ ሲነሡ ሁሉም አፈር ለብሰዋልና የማን ልጅ ከየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ አይለይም። ይህን የአፈር ነገር፣ አንባቢ ሆይ፣ ያዝልኝ።

ጋማ በ10 ዓመቱ፣ በጆድፑር ማሃራጃ የቁጭ ብድግ ውድድር ላይ ከ400 በላይ ከሚሆኑ ታጋዮች መካከል እስከ መጨረሻው ከዘለቁት ጥቂቶች አንዱ ሆኖ፣ ስለ ልጅነቱ አሸናፊ ተባለ ይባላል። ከዚያ በኋላ የዳቲያው ማሃራጃ ወስዶ አሠለጠነው። በዚያ ዘመን በህንድ የሚኖር ታጋይ ደመወዝ ከፋዩ፣ ወተቱንና ለውዙን ሰፋሪው ንጉሥ ነበር። በየቀኑ ስለሚሠራው ቁጭ ብድግ የሚወራው በሺህ እየተቆጠረ ነው። በባሮዳ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ አንድ ድንጋይ አለ፤ ክብደቱ 1,200 ኪሎ ነው፣ ጋማም በ1902 አንሥቶታል ይላሉ። 12 ኩንታል መሆኑ ነው! ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ስለሆንሁ ይህን ሒሳብ ለመቀበል እጄ ይያዛል። ብርብር መንገድ ዳር በጭነት መኪና ላይ ሙዝ የሚጭኑ ጎበዞች አሉ፤ አንድ ኩንታል ሲሸከሙ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አያለሁ። የድንጋዩን ነገር ለተረቱ ልተውለትና ወደ ሰውየው ልመለስ።

ጋማ ረጅም አልነበረም፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። በ1895፣ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ራሂም ባክሽ ሱልጣኒዋላ ከሚባል ስመ ጥር ታጋይ ጋር ተጋጠመ። ራሂም ባክሽ ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝም ግዙፍ ሰው ነበር። ሁሉም ወጣቱ እንደሚሰበር ጠበቀ፤ ግጥሚያው ግን ለሰዓታት ቆይቶ በእኩል ተለያዩ። ከዚያች ቀን ወዲያ የጋማ ስም በመላው ህንድ ተሰማ።

በ1910 ታናሽ ወንድሙን ኢማም ባክሽን አስከትሎ ሎንዶን ገባ። ያ ዓመት ለዓለም የጉልበት ታሪክ ልዩ ዓመት ነበር። በሐምሌው ጥቁሩ ቦክሰኛ ጃክ ጆንሰን አሜሪካ ሬኖ ላይ ነጩን ጂም ጄፍሪስን አሸንፎ አገሩን አናውጦታል። የሎንዶን አዘጋጆች ግን የጋማን ቁመት አይተው ናቁት፤ ከውድድሩም አላስገቡት። እርሱም «ማንኛውንም ሦስት ታጋይ አምጡ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ እጥላቸዋለሁ» ብሎ አስነገረ። መጀመሪያ ማታለያ መስሏቸው ዝም አሉ። በመጨረሻ ቤንጃሚን ሮለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ታጋይ ቀረበ፤ ጋማ ሁለት ጊዜ ጀርባውን መሬት አስነካው፤ የመጀመሪያው 2 ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ መጣ። ዝቢሽኮ በአውሮፓ ከታወቁት ታላላቅ ታጋዮች አንዱ የሆነ የፖላንድ ሰው ነው። የተገናኙት በሴፕቴምበር 10 ቀን 1910 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1902 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አጼ ምኒልክ በአልጋ ላይ ታመው፣ አገሩ እንቁጣጣሽን ሊቀበል ዋዜማ ላይ ሳለ ማለት ነው። ሽልማቱ 250 ፓውንድና የጆን ቡል ቀበቶ ነው። ትግሉ እንደተጀመረ ዝቢሽኮ ምንጣፉ ላይ ወረደ፤ በደረቱም ተለጥፎ አልነሣም አለ። ጋማ ጎተተው፣ ገፋው፣ አንገቱን ያዘው፣ እግሩን ጠመዘዘው። ሰውየው አይነቃነቅም። 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ተመልካቹ ተሰላቸ፤ ግጥሚያውም ያለ አሸናፊ ተበተነ። ከሳምንት በኋላ ሊደገም ቀጠሮ ተያዘ፤ ዝቢሽኮ ግን በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ቀበቶው ለጋማ ተሰጠ።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ያስገርመኛል። ቆሞ የሚታገልን ሰው መጣል ይቻላል። መሬቱን የሙጥኝ ያለን ሰው ግን የዓለም ጉልበት ሁሉ አያነሣውም። ዝቢሽኮ ያደረገው ስለ ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን ሳያውቀው አንድ ምስጢር ገልጧል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ጋማ ወደ አገሩ ሲመለስ ከራሂም ባክሽ ጋር በአላሃባድ ተጋጥሞ በዚህ ጊዜ አሸነፈ። «ሩስታም-ኢ-ሂንድ» ተባለ፤ የህንድ ሩስታም ማለት ነው። ዝቢሽኮም በ1928 ለበቀል ወደ ፓቲያላ መጣ። ጋማ ያን ጊዜ 50 ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህኛው ግጥሚያ ግን መተኛት አልነበረም፤ ምንጣፍ ሳይሆን የአካራ አፈር ነው። ትግሉ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ፤ ዝቢሽኮ በጀርባው ወደቀ። ጋማ በዘመኑ ሁሉ አልተሸነፈም ይባልለታል።

ሥነ ጽሑፍ ለምትወዱ ስለ ሩስታም ስም አንድ ነገር ልበል። ሩስታም የፋርሱ ባለቅኔ ፊርዶውሲ በሻህናማ የተረከለት ጀግና ነው። የሩስታም ታላቅ መከራ አለመሸነፉ ነው። አንድ ቀን ማንነቱን ሳያውቅ ከገዛ ልጁ ከሶህራብ ጋር ታግሎ ጣለው፤ በሰይፍም ወጋው፤ ልጁ መሆኑን ያወቀው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሩስታም» ብሎ ሰውን መሾም ክብርም ነው፣ ማስጠንቀቂያም ነው፤ ጉልበትህ የገዛ ሥጋህን እንዳይበላ ተጠንቀቅ ማለት ነው።

ያ ማስጠንቀቂያ በነሐሴ 1939 ዓ.ም. (1947) ለመላው ህንድ ደረሰ። ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው በአምስት ሳምንት ውስጥ ካርታ ላይ መስመር አሠመረ፤ አንዱ አገር ህንድና ፓኪስታን ሆነ። መስመሩ ጋማ በተወለደበት በአምሪትሳርና በሚኖርበት በላሆር መካከል አለፈ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተነቀለ፤ የሞተው ዝቅ ሲል በመቶ ሺዎች ይገመታል። ትናንት በአንድ አካራ አፈር ላይ የተንከባለሉ ልጆች ዛሬ ቢላ ተማዘዙ። ሶህራብ በየመንደሩ ተወጋ።

ጋማ በላሆር ሞህኒ በሚባለው መንገድ ላይ ይኖር ነበር፤ ከጎረቤቶቹ ብዙዎቹ ሂንዱዎች ናቸው። እንደሚተረከው ሰይፍና ዱላ የያዘ ሕዝብ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ ጋማ ከዘመዶቹ ጋር ወጥቶ በጎረቤቶቹ በር ላይ ቆመ። ዕድሜው ወደ 70 እየተጠጋ ነበር። ከመጡት መካከል አንዱ ሊያልፍ ሲሞክር በጥፊ መታው፤ ሌላው ወደ ኋላ ተመለሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎረቤቶቹን ለስንቅ የሚሆናቸውን ሰጥቶ እስከ ድንበሩ ሸኛቸው። ሲሸኛቸው አለቀሰ ይላሉ።

የመጨረሻ ዘመኑ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። የሚደግፉት ማሃራጃዎች ከመስመሩ ማዶ ቀሩ። ሰውነቱ ታመመ፣ ኪሱ ተራቈተ፤ ሜዳልያዎቹን እስከ መሸጥ ደረሰ ተብሎ ተጽፏል። የፓኪስታን መንግሥት መሬትና ድጎማ ሰጠው፤ ከድንበር ማዶ ደግሞ ጂ. ዲ. ቢርላ የተባለ ሂንዱ ባለሀብት ወርኃዊ ጡረታ ቈረጠለት ይባላል። ግንቦት 15 ቀን 1952 ዓ.ም. በላሆር ዐረፈ።

አሁን የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ ወሬው እንደ እሳት ወደ እኛ ዘንድ ወረደ። በዚያ ሰሞን አርባ ምንጭ ነበርሁ። ወጣቱ ለቅሶውንና ቁጣውን ይዞ መንገድ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ከዚህ በፊት ለማንም ያልጻፍሁትን ልጻፍ፤ በቀኝ እጄ ድንጋይ ይዤ ነበር። በዚያች ከተማ የሚኖሩ፣ ምንም ያላጠፉ፣ ነገር ግን ቋንቋቸው የገዳዮቹ ቋንቋ ነው ብለን ያሰብናቸው ሰዎች ነበሩ። ወደ እነርሱ ነበር የምንሄደው።

ከፊታችን የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር ይዘው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በጋሞ ዘንድ ሽማግሌ ርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እርሱን አልፎ መሄድ «ጎሜ» ነው፤ ነውርም ነው፣ ርግማንም ነው፣ በአዝመራና በልጅ የሚመጣ መቅሠፍትም ነው። በእኔ ፊት የነበሩት አባት ስማቸውን አላውቀውም። ቀና ብለው አዩኝ እንጂ ምንም አልተናገሩኝም። ክብደታቸው ከ50 ኪሎ አይበልጥም፤ ገፋ ባደርጋቸው ይወድቃሉ። አልቻልሁም። ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ። በግራና በቀኜም ሲወድቅ ሰማሁ።

የዝቢሽኮ ምስጢር ይህ ነው፤ መሬቱን የሙጥኝ ያለን ሰው ጉልበት አያነሣውም። እርሱ ለራሱ ሲል ተኛ፤ የእኛ አባቶች ግን ለማያውቋቸው ጎረቤቶች ሲሉ ተንበረከኩ።

ስለ ላሆሩ በር የማውቀው በተረት መልክ የተላለፈውን ነው። ታዲያ የ12 ኩንታሉን ድንጋይ ተጠራጥረህ ይህን እንዴት አመንህ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ 12 ኩንታል ያነሣ ሰው አላየሁም፤ በጎረቤቱና በሞት መካከል የቆመ ሰው ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ጋማና ጋሞ የሚዛመዱት በዚህ ነው።

ከባንክ ሥራዬ ሲተርፈኝ የምሞክራትን ግጥም እነሆ፤ በዚህችው እንሰነባበት።

ድንጋይ ያነሣውን ዓለም ቢያሞግሰው፣
ድንጋይ ያስጣለኝ ነው ለእኔስ ታላቁ ሰው፤
ቀበቶም ይላላል፣ ሜዳልያም ይሸጣል፣
በር ላይ የቆመ ግን ብዙ ነፍስ ያስመልጣል።

ቸር ሰንብቱ።